አንድ አውሬ ወይስ መቶ አውሬ? ከ«ኤሊየን» ጌሞች ለመምረጥ ለተቸገረ

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ላይ ጌም ቤት ሊከፍት ሲሰናዳ፣ «ጋሼ፣ ከኳስ ሌላ ምን ልያዝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳላስብ «ኤሊየን» አልኩት። «የቱን?» አለኝ። እዚህ ላይ ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም በዚህ የፊልም ስም ከ40 ዓመት በላይ ጌም ሲሠራ ኖሯል፤ ገሚሱ ድንቅ ነው፣ ገሚሱ የገንዘብ ማቃጠያ ነው፣ ስማቸውም እርስ በርስ ስለሚመሳሰል ገዢን ያሳስታል። ያን ቀን ሳልጨርስለት የቀረሁትን መልስ እዚህ ላይ ልጨርሰው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጌሞቹ በፊት ሁለት ፊልሞችን መለየት ያስፈልጋል። ምርጫው በሙሉ ከዚያ ይመነጫል። በ1979 ሪድሊ ስኮት በሠራው የመጀመሪያው «ኤሊየን» ውስጥ ያለው የጠፈር አውሬ አንድ ብቻ ነው። ኖስትሮሞ የምትባል የጭነት መርከብ ጠፈር ላይ አለች፤ ሰባት ሠራተኞች ይዛለች፤ ይህ ነው የሚባል የጦር መሣሪያ የላትም። አውሬው በፊልሙ ውስጥ የሚታየው እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። በ1986 ጄምስ ካሜሮን ተረከበውና «ኤሊየንስ» ብሎ በብዙ ቁጥር አደረገው። ወታደር መጣ፣ መትረየስ መጣ፣ አውሬውም በመንጋ መጣ። ሁለቱም ጥሩ ፊልሞች ናቸው፤ ግን አንድ ዓይነት ፊልሞች አይደሉም።

እኔ ያየሁት ሁለተኛውን አስቀድሜ ነው። ደሴ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት፣ ከእንጨት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን፣ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን እየደበደበው። እንግሊዝኛውን የሚሰማ ሰው ባይኖርም ወታደሮቹ በተኮሱ ቁጥር ቤቱ በጩኸት ይናጋ ነበር። የመጀመሪያውን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ለብቻዬ፣ ሌሊት፣ ጋቢ ተከናንቤ አየሁት። ያን ጊዜ ትዝ ያሉኝ ኩታበር ያሉት አያቴ ናቸው። ጅብ ሲጮህ ከቶ አይደነግጡም ነበር። «ሲጮህ የት እንዳለ አውቃለሁ» ይሉ ነበር፤ «ዝም ሲል ነው በሩን የማየው»። የመጀመሪያው ፊልም ዝም ያለው ጅብ ነው። ሁለተኛው በመንጋ ሆኖ ሬሳ ላይ የሚናከሰው ነው።

ጌም ሠሪዎች ደግሞ ለብዙ ዓመታት የተከተሉት ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። መተኮስን ወደ ጌም መለወጥ ቀላል ነው፤ አዝራር ተጫን፣ ጠላት ይውደቅ፣ ነጥብ ይቆጠር። መፍራትን ወደ ጌም መለወጥ ግን ሌላ ሙያ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ሙከራ እንዲያውም ያስቃል። በ1982 አታሪ 2600 ለሚባለው የቆየ የቤት መጫወቻ የወጣው «ኤሊየን» ከስሙ በቀር የፊልሙ ነገር ብዙም የለበትም፤ በጠባብ መተላለፊያ እየሮጡ እንቁላል መሰብሰብ ነው፣ ቁርጥ ፓክማን የሚባለውን የድሮ ጌም። በ1984 አርገስ ፕሬስ ለኮሞዶር 64 እና ለስፔክትረም፣ ለዚያ ዘመን የቤት ኮምፒውተሮች፣ ያወጣው ግን ለጊዜው የሚደነቅ ሐሳብ ነበረው። ተጫዋቹ የመርከቧን ሠራተኞች ያዝዛል፤ ሰዎቹ ግን ሲደነግጡ ትእዛዝ አይሰሙም። ይህን ሐሳብ አስታውሱት፤ ወደ 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የተኩስ ዘመን ነው፦ በ1990 ኮናሚ ለመጫወቻ አዳራሾች ያወጣው፣ በ1994 ካፕኮም አውሬውን «ፕሬዴተር» ከሚባለው ሌላኛው የፊልም አዳኝ ጋር ያጋጠመበት፣ በ1996 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የመጣው «ኤሊየን ትሪሎጂ»።

ከፊልሙ ባለቤቶች ፈቃድ ሳይኖራቸው የፊልሙን መንፈስ የያዙትም ትንሽ ቃል ይገባቸዋል። በ1993 የወጣውን «ዱም» የተባለ የተኩስ ጌም የሠሩት ሰዎች አስቀድመው «ኤሊየንስ»ን ወደ ጌም ለመለወጥ አስበው ነበር፤ ኋላ የራሳችንን እንሥራ ብለው ተዉት። በማግሥቱ ዓመት አንድ የዱም አፍቃሪ ያንኑ ጌም እንደ ልብስ አገላብጦ የ«ኤሊየንስ» ጌም አደረገው፤ በመጀመሪያው ደረጃም አንድም ጠላት አላስቀመጠም። ተጫዋቹ ጠመንጃውን ወድሮ በባዶ ኮሪደር ውስጥ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ምንም አይመጣም። ለእኔ የዚያ ዘመን ትልቁ ግኝት ይህ ባዶ ኮሪደር ነው፤ ባለ ፈቃዶቹ ኩባንያዎች ግን ለሃያ ዓመት ያህል አልተማሩበትም።

የሚያሳዝነው ደግሞ በ2000 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የወጣው «ኤሊየን ሪሰረክሽን» ነው። አርጎኖት የሠራው ይህ ጌም በግራው የጆይስቲክ እንጨት መራመድን፣ በቀኙ መመልከትን አመጣ። በጊዜው ከገመገሙት አንዱ ከአውሬው ይልቅ የሚያስፈራው አያያዙ ነው ብሎ ተሳለቀበት። ዛሬ ተኩስ ያለበት ጌም ሁሉ የሚያዘው እንደዚያ ነው። ደሴ ፒያሳ ካለ ጌም ቤት ገብታችሁ ለማንኛውም የ12 ዓመት ልጅ ጆይስቲክ ብትሰጡት፣ ሳይነግሩት በሁለቱ አውራ ጣቶቹ እንደዚያው ይይዘዋል።

አሁን ወደ ምርጫው። ዛሬ አንድ ሰው ወሎ ውስጥ ተቀምጦ በቁም ነገር ሊያወዳድራቸው የሚገቡት አምስት ይመስሉኛል። በምናባዊ መነጽር ብቻ የሚታዩትንና ለቆዩ የእጅ መጫወቻዎች የወጡትን ሆን ብዬ ትቻለሁ። መነጽሩን የያዘ ሰው ይህን ጽሑፍ አያስፈልገውም።

ብዙ የምቆየው «ኤሊየን አይሶሌሽን» ላይ ነው። በጥቅምት 2014 የወጣ ሲሆን የሠራው ክሪኤቲቭ አሴምብሊ የተባለው የእንግሊዝ ስቱዲዮ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በታሪካዊ የጦርነት ጌም እንጂ በአስፈሪ ጌም አይታወቅም ነበር። እነዚህ ሰዎች ወደ 1979ኙ ፊልም ተመለሱ። የፊልሙ ባለቤቶች 3 ቴራ ባይት የሚሆን የቀረጻ ሰነድ፣ ፎቶግራፍና ድምፅ ከፈቱላቸው። በጌሙ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች የ1970ዎቹ እንዲመስሉ፣ በስክሪን ላይ የሚታየውን ምስል በቪኤችኤስ ካሴት ቀድተው፣ ካሴቱን እያንገላቱ አበላሽተው መልሰው ቀረጹት። ተጫዋቹ የፊልሟ ባለታሪክ የኤለን ሪፕሊ ልጅ፣ አማንዳ ነው የሚሆነው፤ ሴቫስቶፖል የሚባል የጠፈር ጣቢያ ላይ እናቷን ትፈልጋለች። አውሬው አይሞትም። እሳት ሲተፋበት ይሸሻል፣ ተመልሶ ይመጣል።

ይህ አውሬ ከሌሎቹ የሚለየው በአሠራሩ ነው። ጌሙ ሁለት አእምሮ አለው እንበል። አንደኛው እናንተ የት እንዳላችሁ ሁልጊዜ ያውቃል፤ ግን አይናገርም፣ አልፎ አልፎ ለሁለተኛው ፍንጭ ይጥልለታል። ሁለተኛው አውሬው ራሱ ነው፤ ያለው ጆሮና ዓይን ብቻ ስለሆነ ፍንጩ ወዳመለከተው አካባቢ መጥቶ በራሱ መፈለግ አለበት። ስለዚህ አውሬው በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም፣ የተጠና መንገድም አይሄድም። እናንተ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታችሁ ትንፋሻችሁን ይዛችኋል፤ እርሱ በበሩ ቀዳዳ ፊት ቆሞ ያዳምጣል። ካሜራ ያለው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ደግሞ ከተፈለገ የክፍሉን ድምፅ እንዲሰማ ማድረግ ይቻላል። ይህንን ነገር በጌም ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት። ከጎናችሁ የሚጫወተው ልጅ ጎል አግብቶ በጮኸ ቁጥር አውሬው እናንተን ይበላል።

ጉድለት የለበትም አልልም። ወደ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ለፍርሃት ረጅም ነው፣ መሐል ላይ ይላላል። አይ.ጂ.ኤን. የተባለው የጌም ገምጋሚ ድረ ገጽ በወቅቱ ከ10 5.9 ብቻ ሰጥቶት ነበር፤ ብዙ ተጫዋቾች እስከ ዛሬ ይህን ነጥብ እያነሡ ይበሳጫሉ። እኔ ነጥቡ ባይገባኝም ድካሙ ይገባኛል።

ለእኛ አገር ተጫዋች ግን ዋናው ጥያቄ ርዝመቱ ሳይሆን መብራት ነው። ይህ ጌም እንደ ዘመኑ ጌሞች በየደቂቃው በራሱ አይመዘግብም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአደጋ ጊዜ ስልክ አለ፤ እዚያ ደርሳችሁ ካርድ ታስገባላችሁ፣ ሦስት መብራቶች አንድ በአንድ እስኪበሩ ትቆማላችሁ፣ ያኔ ነው የሚመዘገበው። እየጠበቃችሁ አውሬው ከኋላ ሊወጋችሁ ይችላል። አንድ ማታ 40 ደቂቃ በደረቴ ተስቤ እዚያ ስልክ ደረስኩ። ካርዱን አስገባሁ። አንደኛዋ በራች። ሁለተኛዋ በራች። ሦስተኛዋ ሳትበራ ሰፈሩ ጨለመ። ከጦሳ የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲገባ እየተሰማኝ፣ ጆይስቲኩን እንደያዝኩ ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ። ማን ላይ ይጮሃል? ስለዚህ በፕሌይስቴሽን 3 ወይም 4 የምትጫወቱት ከሆነ ባትሪ ያለው መጠባበቂያ ይኑራችሁ፤ ከሌላችሁ ደግሞ በ2021 መጨረሻ ላይ ለስልክ የወጣውን ውሰዱ። እንደ ሌሎች የስልክ ቅጂዎች የተቆረጠ አይደለም፣ ሙሉው ጌም ነው፤ ከ10 ጊጋ ባይት በላይ ቦታና ደኅና ስልክ ይፈልጋል፤ በስልክ መስታወት ላይ መጫወትም እጅ ያደክማል። ሆኖም ስልክ መብራት ሲጠፋ አይጠፋም። በላፕቶፕ ለሚጫወትም ብዙ አይከብድም፤ በዝቅተኛው ልክ 4 ጊጋ ባይት ራምና 35 ጊጋ ባይት የዲስክ ቦታ ነው የሚጠይቀው።

ከዚህ ፍጹም ተቃራኒው «ኤሊየንስ ኮሎኒያል ማሪንስ» ነው። ጊርቦክስ የሚባል ስቱዲዮ ሠርቶት በየካቲት 2013 የወጣ፣ የሁለተኛው ፊልም ወታደሮች ጌም። ከመውጣቱ በፊት የታየው ማሳያና ሰው ገዝቶ ያገኘው ነገር የሰማይና የምድር ያህል ተራራቁ፤ ጉዳዩ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሷል። አውሬዎቹ ቀጥ ብለው ወደ ጥይት ይሮጣሉ፣ ግድግዳ ይገፋሉ፣ ዞር ብለው ይቆማሉ። የሚገርመው በኋላ የታወቀው ነው። የጌሙን ፋይሎች የሚጎረጉር አንድ ሰው፣ የአውሬዎቹን ባሕርይ ከሚያዝዙት መስመሮች በአንዱ ውስጥ «ማሰሪያ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቃል አንዲት ፊደል ተጨምራበት ተሳስቶ እንደተጻፈ አገኘ። ያችን ፊደል ያጠፉ የኮምፒውተር ተጫዋቾች አውሬዎቹ ጥቂት አስተዋይ ሆነው አገኟቸው። የግዕዝ ጸሐፍት አንዲት ፊደል ስትሳት ምስጢር ይፋለሳል የሚሉት ነገር እዚህም ሠራ። በፕሌይስቴሽን 3 ላይ ግን ያንን ፋይል ከፍቶ ማረም አይቻልም፤ እንደ ተበላሸ ይጫወታሉ።

እንግዲህ መጥፎ ነው ብዬ ላልፈው ስል የእህቴ ልጅ አንድ ጥያቄ አነሣ፦ «ሁለት ሰው በአንድ ቴሌቪዥን ይጫወተዋል?» አዎን፣ ይጫወተዋል። በፕሌይስቴሽን 3 እና በኤክስቦክስ 360 ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። ይህም ማለት ከአምስቱ መካከል ሁለት ጓደኛሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊጫወቱት የሚችሉት፣ ለጌም ቤት ሒሳብ የሚስማማው፣ ከሁሉም የከፋው ነው። ሁለት ጆይስቲክ የሁለት ሰው ገንዘብ ነው። ስቀው ይጫወቱታል፣ በአውሬው ሞኝነትም ይስቃሉ። የንግድ ነገር ከሆነ አልከለክልም፤ ለራሱ ቤት የሚገዛ ሰው ግን እጁን ይሰብስብ።

«ኤሊየንስ ፋየርቲም ኤሊት» በነሐሴ 2021 የወጣ ሲሆን ከኮሎኒያል ማሪንስ በብዙ ይሻላል። ሦስት ሆኖ በመንጋ የሚመጣውን አውሬ መመከት ነው፤ 12 ተልዕኮዎች አሉት። መሣሪያው ሲተኮስ ደስ ይላል፣ አውሬዎቹም ግድግዳና ጣሪያ ላይ ይሮጣሉ። ነገር ግን ስክሪን አይከፈልም። ሌሎቹን ሁለት ሰዎች የምታገኟቸው በኢንተርኔት ነው፤ ካልተገኙ ኮምፒውተሩ የሚነዳቸው ሮቦቶች ይከተሏችኋል፣ እነርሱ ደግሞ ወግ የላቸውም። ተልዕኮው ሳያልቅ ከተቋረጠ ከመጀመሪያው ነው። ደሴም ሆነ ወልድያ ውስጥ የማይቆራረጥ መስመር ያለው፣ ሐይቅ ወይም አዲስ አበባ ውስጥም ጓደኛው ያው ጌም ያለው ሰው ይደሰትበታል። ሌላው ሰው ገንዘቡን ይቆጥብ።

«ኤሊየንስ ዳርክ ዲሴንት» ግን እኔን በግሌ ያስገረመኝ ነው። በሰኔ 2023 ቲንዳሎስ የሚባል የፈረንሳይ ስቱዲዮ አወጣው። እዚህ ተጫዋቹ ጠመንጃ አይዝም፤ ከላይ ሆኖ አራት አምስት ወታደሮችን ይመራል። መቶ አውሬ ነው ያለው፤ ነገር ግን በመተኮስ አያልቅም፤ በተኮሳችሁ ቁጥር ጎጆው ይቆጣል፣ ይበዛል። ወታደሮቹ እየፈሩ ሲሄዱ አነጣጥሮ መተኮስ ያቅታቸዋል። ያ የ1984ቱ ሐሳብ ተመለሰ ያልኳችሁ ይህ ነው። የሞተ ሰው አይመለስም፤ ስሙን ሰጥታችሁት፣ ማዕረግ ጨምራችሁለት ከነበረ ይቆረቁራል። የክፍሉን በሮች በሙሉ በእሳት በይዳችሁ ስትዘጉ ወታደሮቹ ያርፋሉ፣ ጌሙም ያኔ ይመዘገባል፤ ስለዚህ ለመብራት መጥፋት ከአይሶሌሽን ይልቅ ይታገሣል፣ ማረፊያውን የምትመርጡት እናንተ ናችሁና። ችግሩ ንባብ ይበዛበታል፣ ንባቡም እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው ለሚከብደው ሰው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ፈተና ናቸው። ችኩል ሰውም አይሆነውም። ገበጣ ለሚወድ፣ ድንጋዩን ሳይነካ በዓይኑ ቆጥሮ የሚጨርስ ዓይነት ሰው ካላችሁ፣ ይህን ስጡት።

አምስተኛው ለአሮጌ ላፕቶፕ ነው። ሪቤሊየን የተባለው የእንግሊዝ ስቱዲዮ በ1994 አታሪ ጃጓር ለሚባለው መጫወቻ፣ በ1999 ደግሞ ለኮምፒውተር «ኤሊየን ከፕሬዴተር» የሚለውን ፍልሚያ ሠርቷል። የ1999ኙ «ክላሲክ 2000» በሚል ስም ለዛሬ ኮምፒውተር ተስተካክሎ ይሸጣል። ወታደሩን፣ አዳኙን ወይም ራሱን አውሬውን መሆን ይቻላል። አውሬውን ስትሆኑ በጣሪያ ላይ ተገልብጣችሁ ትሮጣላችሁ፤ ቅድመ አያት የሆነ ኮምፒውተር ላይ ሳይቀር ይፈጥናል። ምስሉ አርጅቷል፣ ያ ግን አያስቀይመኝም፤ ወታደሩን ስትሆኑ ያለው ጨለማና የመከታተያ መሣሪያው ጢት ጢት እስከ ዛሬ አላረጀም። ስሙ ተመሳሳይ ከሆነው ከ2010ሩ ጋር እንዳታምታቱት፤ እርሱም የዚያው ስቱዲዮ ነው፣ ግን ይህን ያህል አይነክስም።

ዕድሜን በተመለከተ አጭር ነው፦ አምስቱም ለአዋቂ የተሠሩ ናቸው። የኳስ ጌም ሊጫወቱ የሚመጡ ሕፃናት ባሉበት ክፍል ስክሪኑን ወደ ግድግዳ ማዞር ግድ ይላል።

ስለዚህ ለብቻችሁ፣ ማታ፣ በጆሮ ማዳመጫ የምትጫወቱ ከሆነ አይሶሌሽንን ውሰዱ፤ ሁለተኛ አላስቀምጥለትም። ሠሪዎቹ በጥቅምት 2024፣ ልክ በ10ኛ ዓመቱ፣ ቀጣዩን እየሠሩ እንደሆነ ተናግረዋል፤ እስኪመጣ የመጀመሪያውን ጨርሶ መጠበቅ ነው። ማሰብ የምትወዱ ዳርክ ዲሴንትን፣ ኪሱ የሳሳ ክላሲኩን፣ ኢንተርኔት የሞላለት ፋየርቲምን። ኮሎኒያል ማሪንስ የነጋዴ ነው።

የእህቴ ልጅ ሁለት ገዛ። ኮሎኒያል ማሪንስን በር አጠገብ፣ ሁለት ጆይስቲክ ሰክቶ፣ ሰው እንዲያየው አስቀመጠው። አይሶሌሽንን ከመጋረጃ ጀርባ ጥግ ላይ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር አደረገው። ሒሳቡ እንደ ሌላው ሁሉ በሰዓት ነው። ባለፈው ሳምንት ደውሎ አንድ ደንበኛ ያመጣበትን ክርክር ነገረኝ። ሰውዬው የአንድ ሰዓት ከፍሎ ገብቶ፣ ሲወጣ «ግማሹን ሰዓት ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቄ ነው የቆየሁት፤ እሱም ይቆጠራል እንዴ?» ብሎ ሞግቶታል።

«ምን አልከው?» አልኩት።

«አስር ደቂቃ ጨመርኩለት» አለኝ። «እሷንም ቁም ሣጥን ውስጥ ጨረሳት።»